ጥፋቱ የሳጥኑ አልነበረም፦ ከተጎታች ፍሬን ኮንትሮለር ጋር 11 ወር

ይህን ኮንትሮለር፣ ማለትም መኪናው ውስጥ ሆኖ ለተጎታቹ ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልከውን ሳጥን፣ ከገጠምኩት 11 ወር ሆነው። በአራተኛው ወር ነቅዬ ልመልሰው ወስኜ ነበር። ዛሬ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ሳላመነታ "ግዛው" እለዋለሁ። በመሃል የተለወጠው ዕቃው አይደለም። እኔ ተጎታቹ ስር ገባሁ፣ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

የምጎትተው ተጎታች ባለ ሁለት አክስል (የጎማ ዘንግ) ነው። ሲሞላ 3,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አራቱም ጎማዎች የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው፣ ድራማቸው (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት) 10 ኢንች ነው።

በፊት የነበረኝ ኮንትሮለር በጊዜ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ፔዳሉ መረገጡን ካወቀ በኋላ በተሞላለት ፍጥነት ኃይሉን እየጨመረ ይሄዳል። ነካ ብታደርጉትም፣ በድንጋጤ ብትረግጡትም ለእሱ ያው ነው። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ተጎታቹ ወደ ኋላ ይይዘኝ ነበር። በድንገት ስቆም ደግሞ ከኋላ ይገፋኛል። አዲሱ ኮንትሮለር ግን መኪናው ፍጥነቱን በምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ የሚለካ ሴንሰር አለው። በቀስታ ስቆም ለተጎታቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ በኃይል ስቆም ብዙ ይልካል። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት። መኪናውና ተጎታቹ አንድ ላይ ይቆማሉ፣ መንገጫገጭ የለም።

ሦስት ወር እንዲህ በደስታ አለፈ። ከዚያ አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ሲገፋኝ ተሰማኝ። ኮንትሮለሩ ላይ የሚሞላውን የኃይል መጠን ከ5 ወደ 6፣ ቆይቶም ወደ 8 ከፍ አደረግኩት። ለጥቂት ቀን የተሻለ መሰለኝ። ዝናብ በዘነበ ቀን ግን ፍሬን ስይዝ የፊተኛው አክስል ግራ ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተተ። በጣም ደነገጥኩ። አንዱ ጎማ እየተቆለፈ ተጎታቹ እንዴት ይገፋኛል? ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። ማሳያው ላይ ግን ምንም የስህተት ምልክት የለም። "ተጎታች ተገናኝቷል" የሚለው መብራት እንደበራ ነው።

እዚህ ላይ ፍሬኑ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ካለዚያ ያገኘሁት ጉድ አይገባችሁም። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ድራም የውስጥ ገጽ ጋር ይጣበቃል። ድራሙ ማግኔቱን ይዞት ሊሄድ ይሞክራል። ማግኔቱ የታሰረበት ክንድ ሲጎተት የፍሬን ሸራዎቹን ወደ ድራሙ ይገፋቸዋል። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ያስጀምራል እንጂ ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው የጎማው መሽከርከር ራሱ ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የሚያዘው የኤሌክትሪኩን መጠን ብቻ ነው። ማግኔቱ ምን ያህሉ እንደደረሰው፣ ሸራው ለድራሙ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ ምንም አያውቅም።

በ12 ቮልት አንድ የዚህ መጠን ማግኔት ከ3 እስከ 4 አምፔር ገደማ ይወስዳል። አራቱ ሲደመሩ 15 አምፔር አካባቢ መሆን አለበት። የኮንትሮለሩን የእጅ መቆጣጠሪያ (የተጎታቹን ፍሬን ብቻ በእጅ የሚያስይዘውን) እስከ መጨረሻው ገፍቼ፣ በፍሬኑ ሽቦ ላይ አምፔር ለካሁ። 7! የሁለት ጎማ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሄደው። የኋለኛው አክስል ጭራሽ ፍሬን አልነበረውም። ሙሉውን ሥራ የሚሠሩት የፊተኞቹ ሁለቱ ናቸው። እኔ ደግሞ ኃይሉን በጨመርኩ ቁጥር የምጨምረው በእነሱ ላይ ነው። ዝናብ ላይ ለምን እንደተቆለፈ ያኔ ገባኝ።

ምክንያቱ አንድ የዛገ የኔጋቲቭ መገናኛ ነበር። ተጎታቹን የሠራው ሰው ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ጠቅልሏቸዋል። ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ቆርጬ ጣልኩት። በአዲስ ሽቦ በይጄ ውሃ በማያስገባ ሽፋን አሸግኩት። ኔጋቲቩንም በተጎታቹ ብረት ላይ መተማመን ትቼ በራሱ ሽቦ እስከ ሶኬቱ ወሰድኩት። እንደገና ስለካ 14 አምፔር አነበብኩ። እፎይ አልኩ።

በዚህ ኮንትሮለር ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። ሽቦ ከሽቦ ጋር ቢነካካ ይነግራችኋል። ተጎታቹ ጨርሶ ቢለያይም ይነግራችኋል። ከአራቱ ማግኔቶች ሁለቱ ሲሞቱ ግን ዝም ይላል። መብራቱ በራ ማለት አራቱም ጎማ ፍሬን ይይዛል ማለት አይደለም። ይህን በደማቅ ፊደል መመሪያው ላይ መጻፍ ምን ከብዷቸው ይሆን? ሰው በዚያ መብራት ተማምኖ ነው ቁልቁለት የሚወርደው።

ሽቦውን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ሸራዎቹ ሄድኩ። የእኔ ፍሬን ራሱን አያስተካክልም። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ከድራሙ ይርቃል፣ ክንዱም ብዙ መንገድ መሄድ አለበት። የተለመደው ምክር የመጀመሪያው ማስተካከያ ከ320 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ በየ4,800 ኪሎ ሜትሩ እንዲሆን ነው። እኔ አንድም ጊዜ አላደረግኩትም ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ተጎታቹን በክሪክ አንስቼ ከስሩ ጠንካራ መደገፊያ አደረግኩ። ከፍሬኑ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ፣ ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ጎማውን በእጅ ማዞር እስኪያቅተኝ ድረስ አጠበቅኩ። ከዚያ ጎማው በነፃ ዞሮ ለስለስ ያለ የመፋቅ ድምፅ እስኪቀር ድረስ መልሼ አላላሁ። ጎማውን ስታዞሩት ወደ ፊት በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ አዙሩት። አራቱን ለመጨረስ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ቀጥሎ የኃይል መጠኑን ከዜሮ ጀምሬ ሞላሁ። መጀመሪያ ፍሬኑ እንዲሞቅ ጥቂት ጊዜ ቆም ቆም አልኩ። ከዚያ በደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄድኩ የእጅ መቆጣጠሪያውን ብቻ ሙሉ በሙሉ ገፋሁ። ጎማዎቹ ሊቆለፉ ጫፍ እስኪደርሱ ቁጥሩን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግኩ፣ ከዚያ በጥቂቱ ዝቅ። የቆመው 5 ላይ ነው። ለ8 ስታገል የነበርኩት ሰውዬ 5 በቃኝ!

ስለ እጅ መቆጣጠሪያው ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በስድስተኛው ወር አንድ ትልቅ መኪና በፍጥነት ሲያልፈኝ በነፋሱ ተጎታቹ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። የመኪናውን ፍሬን አልነካሁም። እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ፣ የእጅ መቆጣጠሪያውን በዝግታ ገፋሁት። ተጎታቹ ብቻ ፍሬን ሲይዝ መኪናውን ወደ ኋላ ወጠረውና ተስተካከለ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ኮንትሮለር ስትገጥሙ ይህቺ ነገር ሳትፈልጉ እጃችሁ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ትሁን። እኔ መጀመሪያ ጉልበቴ ጋ ነበር የገጠምኩት፣ በኋላ አነሳሁት።

በሰባተኛው ወር ተጎታቹ ከመኪናው ቢለያይ ፍሬን የሚያስይዘውን የአደጋ ማብሪያ ሞከርኩ። ዋናውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከመኪናው ነቅዬ፣ ሲሳብ ማብሪያውን የሚያስነሳውን ፒን ሳብኩት። ምንም የለም። ተጎታቹ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። ቀየርኳት። አሁን በየወሩ እሞክራታለሁ። የፒኑን ገመድ የማስረው ከራሱ ከመኪናው አካል ጋር ነው። ብዙ ሰው ጋንቹ (ተጎታቹ የሚያያዝበት) ላይ ሲያስረው አያለሁ፣ እሱ ልክ አይደለም። ጋንቹ ተነቅሎ ከተጎታቹ ጋር ከሄደ ፒኑ አይሳብም።

ኩሽኔታዎቹን ግሪስ ለመቀባት ድራሞቹን የከፈትኩት በዘጠነኛው ወር ነው። ከኋለኛው አክስል በአንዱ ጎማ የግሪስ ማገጃው አፍስሶ ሸራውን አርሶታል። ሸራ አንዴ ግሪስ ከጠጣ ማጠብ አያድነውም፣ ስለዚህ ቀየርኩት። በዚያው ጎማ ማግኔቱ ወደ አንድ ጎን ተበልቷል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ገጹ ላይ ሳስቀምጥ በስሩ ብርሃን ይታያል። የአክስሉን ሁለቱንም ማግኔትና ሸራ አብሬ ለወጥኩ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲይዝ።

ከዚያ ወዲህ ኮንትሮለሩ አንድም ቀን አላሳሰበኝም። ማሳያው ማታ ማታ ትንሽ ዓይን ይወጋል፣ ያንን ለምጄዋለሁ። ከስሩ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። "ባዶ 2፣ ግማሽ 4፣ ሙሉ 5" ይላል። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ መጨረሻ የለካሁት አምፔርና ቀኑ አለ። ባለፈው ሳምንት 14 ነበር።