የሳሪሷ ሲስተር ትመስገንልኝ (የክንዱን የወሊድ መከላከያ ለምታስቡ እናቶች)

ይህን ጽሁፍ ከ4 ወር በፊት ልጽፈው ነበር። ግን ገና ሳልሞክረው ማመስገን ደስ አላለኝም። ቆይ ልየው አልኩ። አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ድሮ የ3 ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ነበር የምወጋው። ቀኑን እረሳለሁ። ሁለተኛዋ ልጄ የመርሳቴ ውጤት ናት (በረከት ናት፣ እሱ ሌላ ነው)። እሷ 6 ወር ሲሞላት ኢምፕላንቱን (ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ) ላስቀብር ወሰንኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ባለሙያው ገና ሳልቀመጥ «ባለቤትሽ ያውቃል?» አለኝ። ቀጥሎ «አንዴ ከገባ 3 ዓመት ሳይሞላ አናወጣም» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የሳሪሷን ሲስተር የጠቆመችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ካርድ አውጥቼ ገባሁ። መጀመሪያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ እኮ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ታውቂያለሽ አይደል?» ልከፍላት የመጣሁትን ሰው! አውቃለሁ፣ ግን በሥራ ቀን ወረፋ መጠበቅ አልችልም አልኳት። እዚያው አመንኳት።

ግፊቴን ለካች፣ የሽንት ምርመራ አሠራችኝ። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አንዳንዶቹ የኢምፕላንቱን ኃይል ይቀንሱታል አሉ። ማጥባቴ ችግር አልነበረውም። «በየትኛው እጅሽ ነው የምትጽፊው?» ስትለኝ ግራኝ ነኝ አልኳት፣ ሳቀች። ለካ ብዙ ሥራ በማይሠራው ክንድ ነው የሚቀበረው። እኔ በቀኙ ሆነልኝ።

ሥራው ራሱ ደቂቃዎች ነው። የማደንዘዣው መርፌ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ገፋ ገፋ ሲያደርግ ብቻ ይሰማችኋል። ስፌት የለውም። የምትገባው 4 ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ዘንግ ናት። ስትጨርስ ጣቴን ይዛ «ንኪያት፤ መኖሯን አንቺ ራስሽ እወቂ» አለችኝ። ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ኮንዶም ጨምሩበት አለች። ከኤች አይ ቪና ከአባላዘር በሽታ ኢምፕላንቱ እንደማይከላከልም ደጋግማ ነገረችኝ። ካርዴ ላይ የሚወጣበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፋ ከሥሩ በእኛ ደገመችው።

ከሁሉ የወደድኩላት የሚመጣውን ሳትደብቅ መናገሯን ነው። «ደምሽ ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ሊቀርም፣ ጠብ ጠብ ሊልም ይችላል» ብላኝ ነበር። እውነትም በሁለተኛው ወር 3 ሳምንት ሙሉ ጠብ ጠብ አለ። ባትነግረኝ ኖሮ ለማስወጣት እሮጥ ነበር። እሁድ ቀን ደወልኩላት። አነሳች! ሞዴስ በቀን ስንቴ እንደምቀይር ጠየቀችኝ። «ከበዛ ወይም ካዞረሽ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ካልሆነ ማክሰኞ ልይሽ» አለች። ማክሰኞ አየችኝ፣ አልከፈልኩም። ቀስ በቀስ ቆመ።

ሲቆም ደግሞ እማዬ ተነሳች። «ደሙ የት ሄዶ ነው? ተጠራቅሞ ይጎዳሻል» አለች። ይህንንም ለሲስተር ነገርኳት። «ማህፀን ካላነጠፈ የሚያነሳው የለም፤ የሚጠራቀም ደም የለም በያቸው» አለችኝ። እማዬ ሰምታ ዝም አለች። ማመኗን እንጃ።

ስለ ማስወጣትም ጠይቄያት ነበር። «በፈለግሽ ቀን ነይ፣ ለምን አልልሽም» ነው ያለችኝ። ሌላ ልጅ ካማረኝም ከወጣ በኋላ እንደ መርፌው ብዙ እንደማያቆይ ነግራኛለች።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት እልክላችኋለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት ትገኛለች። እጅጌው ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ። እኔ ጠባብ ሹራብ ለብሼ ሄጄ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የተሠራልኝ።