የፍሬን ሰው ለምትፈልጉ፦ ቄራ ያሉትን ጋሼን ልጠቁማችሁ

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላድርስ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ እርስዎ ራስዎ ከፍተው እንደማያነቡት አውቃለሁ። ረዳትዎ ግን ስልክ ከእጁ ስለማይለይ ያነብልዎታል።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። «ሰው በሰው ይምጣ እንጂ ማስታወቂያ አልፈልግም» ብለውኛል። ጋራዣቸው ከቄራ ወደ ጎፋ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጋራዥ ስላልኩ ትልቅ ግቢ እንዳትጠብቁ። ሦስት መኪና ከገባ አራተኛው ውጭ ይቆማል። የሚሠሩትም ፍሬንና የእግር ሥራ ብቻ ነው። የሞተር ችግር ይዛችሁ ብትሄዱ «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው ይመልሷችኋል። እኔ በበኩሌ «አይ፣ ሁሉንም እንሠራለን» ከሚል ሰው ይልቅ እንዲህ የሚል ሰው ያሳምነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምነዳው ቪትዝ ነው። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። አንድ ሰሞን መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ፍሬን ሳልይዝም ትስባለች። ስቆም ከፊት በቀኝ በኩል የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ሙቀቱ ይጋረፋል። የግራው ግን ደህና ነው።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ካሊፐሩ ነክሷል» አሉና (ካሊፐር ማለት የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል ነው) ያገለገለ ካሊፐር ከሱማሌ ተራ አስመጥተው ገጠሙልኝ። መሳቡ ቀረ። ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ፔዳሉ ላላ። አንዴ ስረግጠው ወለል ሊነካ ይደርሳል። ሁለት ሦስቴ ስደጋግመው ይጠነክራል። መልሼ ወሰድኳት። ከፍሬን መስመሩ አየር አስወጡ። ያው ነው። እንደገና ወሰድኳት፣ እንደገና አየር አስወጡ። ወፍ የለም! በመጨረሻ «ማስተር ሲሊንደሩ ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር» አሉና ዋጋ ጠሩልኝ። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ክፍል ማለት ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም። በምን አወቃችሁ ብዬ ስጠይቅ አንዱ «ባለቤትሽን ላኪው፣ ለሱ እናስረዳዋለን» አለኝ። ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? መኪናው የኔ ነው።

ጋሼን የጠቆመኝ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ነው። በዚያ ፍሬን ከተማ መሃል መንዳት ስለማይታሰብ አስጭኜ ወሰድኳት።

ጋሼ መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁኝ። ምን ሲሆን ጀመረ? ማን ነካው? ምን ተቀየረ? አሮጌው ካሊፐር የት አለ? ደግነቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ኋላ ነበር። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ። ሲጠነክር እግራቸውን ሳያነሡ ያዙት። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ማስተሩ ጤነኛ ነው» አሉ። «ማስተሩ ቢሞት ኖሮ እንዲህ ይዤው ስቆይ ቀስ እያለ ከእግሬ ሥር ይወርድ ነበር።» በሁለት ደቂቃ ያ ሁሉ ወጪ ቀረልኝ።

ቀጥለው በክሪክ አነሷትና ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ፈቱ። ባትሪ አብርተው የቀኙን አዩ። ሳቁ። «ልጄ፣ ነይ እዚህ ተመልከቺ።» ግራው ካሊፐር ላይ ትንሿ የአየር ማስወጫ ብሎን ላይኛው ጫፍ ላይ ናት። ቀኙ ላይ ደግሞ ከታች። የገጠሙልኝ የግራ ካሊፐር ነው ለካ! በብዙ መኪና ላይ የግራው በቀኝ ይገባል፤ ብሎኑም ይገጥማል፣ የፍሬን ዘይት የሚያመጣው ቱቦም ይደርሳል። ችግሩ የአየር ማስወጫው መገልበጡ ነው። «አየር ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። መውጫው ከታች ከሆነ እስከ ጥምቀት ቢረግጡት አይወጣም» አሉኝ። ያ ሁሉ ምልልስ ለካ በከንቱ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን የቀኝ ካሊፐር ግዢ ብሎ ያሰናብተኝ ነበር። እሳቸው ግን አሮጌውን ከፌስታሉ አወጡና ፈቱት። ውስጡ ያለውን ፒስተን፣ ሸራውን የሚገፋውን፣ በኮምፕረሰር አየር አስወጡት። ፊት ለፊቱ ወፍራም ጨርቅ አድርገው ነው፤ ረዳታቸው እጁን ሊያስገባ ሲል ጮሁበት። ፒስተኑ ሲወጣ ንጹህ ነው። ዝገት የለም። የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖችም በጣት ሲገፉ ይሄዳሉ። «ይሄ ምን አጠፋ?» አሉ ለራሳቸው ያህል።

እዚህ ላይ ነው የሰውዬውን ሙያ ያየሁት። የፒስተኑን ጎሚኒ ቀይረው የራሷን ካሊፐር መልሰው ገጠሙና አየሩን አስወጡ። ረዳታቸው ፍሬን ረግጦ ለቀቀ። ጎማው አይዞርም። የአየር ማስወጫዋን ብሎን ላላ አደረጓት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ወዲያው ለቀቀ። «አየሽ? ፒስተኑ ነክሶ ቢሆን ዘይት ስለፈሰሰ አይለቅም ነበር። ግፊት ነው አልመለስ ያለው።» እንደገና አስረግጠው አሁን ደግሞ ወደ ካሊፐሩ ዘይት የሚወስደው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ከብረት ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ዳዶ ላላ አደረጉ። ጎማው እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ ከዚያ በላይ አይደለም፣ ከካሊፐሩም አይደለም። መሃል ላይ ያለው ቱቦ ነው።

ቱቦውን ከፈቱት በኋላ በቢላ ሰንጥቀው አሳዩኝ። ከውጭ ምንም የለውም። ውስጡ ግን አብጦ ቀዳዳው ሊደፈን ምንም አልቀረው። ስትረግጡ የእግር ጉልበት ስላለ ዘይቱ በግድ ያልፋል። ስትለቁ ግን የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ነው። ካሊፐር ውስጥ ስፕሪንግ የለም። ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው በዙሪያው ያለው ጎሚኒ ነው፤ ሲረገጥ ይጣመማል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑን ትንሽ ይዞት ይመለሳል። ያ ትንሽ ጉልበት የተደፈነ ቱቦ አያሸንፍም። ታዲያ የመጀመሪያው ጋራዥ ካሊፐሩን ሲቀይር መሳቡ ለምን ቀረ? ጠየቅኳቸው። «በአየር የተሞላ ፍሬን መች በደንብ ጨበጠና? ያልጨበጠ አለመልቀቁ አይታይም» አሉ።

በአጭሩ፣ ካሊፐሩ መቀየር አልነበረበትም። የታመመው አንድ የጎማ ቱቦ ነው።

ዕቃ አይሸጡም። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። በወረቀት ጻፉልኝና ከፈለግሽው ሱቅ ግዢ አሉኝ፦ የፊት ቱቦ ሁለት፣ ሸራ አንድ ሙሉ፣ የመዳብ ሮንዴላ፣ የፍሬን ዘይት። ቱቦው ለምን ሁለት? «አንድ ቀን የተገጠሙ ናቸው፤ አንዱ ካረጀ ወንድሙም አርጅቷል።» ሱቁ ጋ ያገለገለ ቱቦ በርካሽ አለ ተባልኩና ደወልኩላቸው። «ያገለገለ ካሊፐር ይታደሳል። ያገለገለ ቱቦ ግን በነጻ ቢሰጡሽ አትውሰጂ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ካሊፐሩን ሲፈቱት በቱቦው አላንጠለጠሉትም፣ በሽቦ አሰሩት። ጎሚኒ ያለበትን ክፍል በቤንዚን አላጠቡም። ቤንዚንም የሞተር ዘይትም የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጣል። በዚያው በፍሬን ዘይት ነው ያጸዱት። ፒኖቹን ለዚሁ በተሠራ ግራሶ ቀቡ። አሮጌዎቹን የመዳብ ሮንዴላዎች ረዳቱ መልሶ ሊያስገባ ሲል ነጥቀው ወረወሯቸው። አንዴ የተጨፈለቀ መዳብ ሁለተኛ በደንብ አይዘጋም።

ከሥር ገብተው ሲያዩ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄደው የብረት ቱቦ አንድ ቦታ ላይ ረጥቧል። ማቀፊያው ወልቆ ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ ኖሯል። አንዳንድ ቦታ እንዲህ ያለውን ይበይዱታል። ባስ ሲልም ቆርጠው ይደፍኑትና አንዱ ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል፤ ባለቤቱ አያውቅም። ጋሼ ያንን ክፍል ሙሉ ለሙሉ በአዲስ ቱቦ ቀየሩት። ጫፉን በመሣሪያ ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ዳዶውን አስገብተው፣ ማቀፊያውንም መልሰው። ለምን በብየዳ እንደማይሆን የገባኝ ቁጥሩን ሳይ ነው። ጎማችሁ ውስጥ ያለው ንፋስ 30 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ፍሬን አጥብቃችሁ ስትይዙ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ፒኤስአይ ሊያልፍ ይችላል።

ዘይቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው እሱን ነው። የኔዋ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ዶት 3 ይላል፤ የዘይቱ ደረጃ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ ሲገባበት መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከእንጦጦ ወይም ከፈረንሳይ ቁልቁል ፍሬን ይዛችሁ ስትወርዱ ሸራና ዲስኩ በጣም ይግላል። ዘይቱ ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ ገደል ይገባል። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው መቀየር ያለበት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጉ የሚባለውም ለዚሁ ነው። የኔ ዘይት ሲወጣ ቡና መስሎ ነበር። መኪናዋ ኋላ የተከፈተ ግማሽ ቆርቆሮ ዘይት ስላለኝ እሱን ሰጠኋቸው። «መቼ ተከፈተ?» አሉ። አላውቅም። አስጣሉኝ። ተከፍቶ የከረመ ዘይት እርጥበት ጠጥቷል።

አየር ሲያስወጡ ፔዳሉ ላይ ያስቀመጡት እኔን ነው። «ይማሩ» ይላሉ፣ ባለመኪናውን ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ አሉ። ብሎኗ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተው ሌላኛውን ጫፍ ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከሩት። «ርገጪ! ያዢ! አትልቀቂ… ልቀቂ።» እሳቸው ብሎኗን ሳይዘጉ ከለቀቅኩ አየር መልሶ ይገባል። በተከፈተው በር በኩል ሃይላንዱ ይታየኛል። መጀመሪያ እንደ አምቦ ውሃ ተንተከተከ። ቀስ በቀስ አረፋው ሳሳ፣ ዘይቱም ነጣ። አራቱንም ጎማ እንዲህ አዳረሱ። ፔዳሉ ከላይ ያዘ።

አልጨረሱም። ራሳቸው እየነዱ ዞር ዞር አደረጓትና ተመልሰው እጃቸውን ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች አስጠጉ። ሙቀቱ እኩል ነው። «ከሳምንት በኋላ ብቅ በይ፣ የሚያረጥብ ነገር ካለ አያለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። ከሥር ገብተው አዩ፣ ዳዶዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ደረቅ ነው። ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ክፍያው? ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ጨምሮ ያኛው ጋራዥ ለማስተር ሲሊንደር ብቻ የጠየቀኝን ግማሽ አልሞላም።

እንከን የላቸውም አልልም። ይዘገያሉ። ችኩል ሰው አይወዱም፤ «ቶሎ ይድረስልኝ» ካላችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ ይሏችኋል። ዋጋ አይከራከሩም፣ ያሉት ያሉት ነው። መቀመጫ የለም፤ እኔ የቆምኩት የአሮጌ ጎማ ክምር አጠገብ ነው። በክረምት መግቢያው ጭቃ ነው፣ ጫማችሁን አስቡበት። በተረፈ እኔን ባለቤትሽን ጥሪ አላሉኝም። የጠየቅኳቸውን ሁሉ መልሰውልኛል፣ ያልጠየቅኳቸውንም ጭምር።

መኪናችሁ ወደ አንድ ጎን ከሳበች፣ አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ ከጋለ፣ ፔዳሉ ከላላ ወይም ጎማው ሥር ዘይት ካያችሁ አታቆዩት። ሌላ ጋራዥ የቀየረላችሁን አሮጌ ዕቃም ተቀብላችሁ ያዙ፤ ለጋሼ ብዙ ይነግራቸዋል። ደግሞ የጋለውን ቸርኬ በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ ማስጠጋት ብቻ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተራ ይይዙላችኋል። ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው፣ እሁድ ዝግ ነው። «የቪትዟ ልጅ ልካን ነው» ካላችኋቸው ያውቁኛል። ቅናሽ ግን አያደርጉላችሁም።