ለጋሼ ምስጋና፣ የባሕር ውሃ አኳሪየም ለምትጀምሩ ደግሞ ጥቆማ

በዲሲ፣ በአርሊንግተንና በአካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ ቤታችሁ ውስጥ ኮራል ያለበት ትንሽ የባሕር ውሃ አኳሪየም ለመጀመር ካሰባችሁ አንዲት ዓሣ ሳትገዙ በፊት ጋሼን አነጋግሯቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህም ሁላችን እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብለናቸዋል። ቤት ድረስ መጥተው ያቋቁማሉ፣ እየተመላለሱ ያያሉ፣ የተበላሸውን ያስተካክላሉ። እኛ ይህን የምንጽፈው በዚሁ ነገር ዓመታት የቆየንና ሥራቸውን በቅርብ ያየን ሰዎች ነን። ከልብ የምናመሰግናቸው በተለይ በአንድ ነገር ነው፤ የጀማሪን ገንዘብ እንደ ራሳቸው ገንዘብ ይሳሱለታል። የቱ ሊቀር እንደሚችል፣ የቱ ላይ ደግሞ መቆጠብ ኋላ እንደሚያስከፍል ፊት ለፊት ይናገራሉ።

ለጀማሪ የሚመርጡት ረዘም ያለውን የ20 ጋሎን ገንዳ ነው፤ 75 ሊትር ገደማ ይይዛል። 10 ጋሎን ቢረክስም ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዋማነቱም በአንድ ቀን ይናወጣል። ትልልቅ የእንስሳት ሱቆች ባዶ ገንዳ በየጊዜው በግማሽ ዋጋ ስለሚሸጡ ያንን ቀን ጠብቁ ይላሉ። ያገለገለ ካገኛችሁ ውሃ ሞልተው፣ ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈው 48 ሰዓት ያቆዩታል፤ ጠብታ ካለ ጋዜጣው ይናገራል። ቀድሞ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት ታክሞበት ከነበረ ግን በነፃ ቢሰጥም አያስገዙም፤ መዳብ ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። ሙሉው ክብደት ወደ 100 ኪሎ ስለሚጠጋ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በእጃቸው ነቅንቀው ያያሉ። ቡና የሚፈላበትንና ዕጣን የሚጨስበትን ጥግም ጠይቀው ገንዳውን ከዚያ ያርቁታል።

ገንዘብ አትቆጥቡበት የሚሉት ውሃው ላይ ነው። ዲሲና አርሊንግተን ውስጥ የቧንቧው ውሃ አብዛኛውን ዓመት ተህዋስያንን ለመግደል የሚጨመር ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) አለበት፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ገደማ ብቻ ወደ ክሎሪን ይለወጣል። ክሎሪን ውሃው ክፍት ሆኖ ሲያድር ይተናል፣ ክሎራሚን ግን አይለቅም። ስለዚህ «ውሃውን አሳድሬዋለሁ» ማለት እዚህ ከተማ አይሠራም። ፎስፌትና ሲሊኬትም ከቧንቧው ይመጣሉ፤ በኋላ መስታወቱን የሚሸፍነው አልጌ ምግቡ እሱ ነው። ጋሼ የሚጠቀሙት አርኦ ዲአይ በሚባለው፣ የሟሟውን ሁሉ በሚያስቀር ማጣሪያ ያለፈና በውሃ ውስጥ የሟሟውን በምትለካው የቲዲኤስ መለኪያ 0 የሚያነብ ውሃ ነው። ማጣሪያውን መግዛት ከከበዳችሁ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከዓሣ ሱቅ በጀሪካን መግዛት ይበቃል፤ መለኪያዋ ርካሽ ስለሆነች እሷን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ጨው ሲበጠብጡ ማየት በራሱ ትምህርት ነው። ንጹሑ ውሃ አስቀድሞ ባልዲው ውስጥ ይገባና ትንሿ ፓምፕ ታሽከረክረዋለች፤ ከዚያ ጨዉን በኩባያ ቀስ እያሉ ይነሰንሳሉ። ውሃ በጨው ላይ ከተገለበጠ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ተያይዘው እንደ ኖራ ነጭ ሆነው ይዘቅጣሉ፣ መልሰውም አይሟሙም። በሊትር ከ36 እስከ 40 ግራም ጨምረው አንድ ሌሊት ያዞሩትና ጨዋማነቱን በብርሃን በምታሳይ ትንሽ መሣሪያ፣ በሪፍራክቶሜትር፣ ይለካሉ። የሚፈልጉት መጠነ ክብደት (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር) ከ1.025 እስከ 1.026 ነው። ሪፍራክቶሜትሩን የሚያስተካክሉት ጨዋማነቱ 35 በሺህ በሆነ የመለኪያ ፈሳሽ ነው፤ በተጣራ ውሃ ብቻ የተስተካከለ መሣሪያ ላይኛው ንባብ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

የወጥ ቤት ጨው ለምን አይሆንም የሚል ሰው ሁሌም አለ፤ ከአገር ቤት የመጣ አሞሌ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀም አይጠፋም። የዳናክል ጨው እርግጥ ከጥንት የባሕር ውሃ የቀረ ነው፣ በዳርቻው ዛሬም ድንጋይ የሆነ ኮራል አለ። ነገር ግን ባሕር ሲደርቅ ማዕድናቱ በየተራ ይለያያሉና አሞሌው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚገኘው ለአኳሪየም በተዘጋጀው የባሕር ጨው ውስጥ ነው።

ኮራሉ የሚቀመጥበትንና ባክቴሪያ የሚኖርበትን ድንጋይ ደረቁን ይገዛሉ፤ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይበቃል። በቀጥታ መስታወቱ ላይ ያስቀምጡና ከዚያ በኋላ አሸዋ ያፈሳሉ። አሸዋ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ሥሩን ዓሣ ሲቆፍረው ይናዳል፣ መስታወትም ይሰብራል። የ20 ፓውንድ አንድ ከረጢት አራጎናይት አሸዋ አንድ ኢንች ያህል ያለብሳል። ሂተሩ 100 ዋት ሆኖ ከተለየ ቴርሞስታት ጋር ይያያዛል፤ ርካሽ ሂተር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በርቶ ይቀርና ገንዳውን ይቀቅለዋል። 78 ፋራናይት ላይ ያቆሙታል። ሞገድ ሰጪዋን ፓምፕ የውሃውን ፊት እንድታናውጥ ያዞሯታል፣ ኦክስጅን የሚገባው ከዚያ ነው። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ለዚህ መጠን አያስፈልግም፣ በየሳምንቱ 8 ሊትር መቀየር ይተካዋል። እያንዳንዱን የኤሌክትሪክ ገመድ ከሶኬቱ በታች አውርደው እንደገና ወደ ላይ ያወጡታል፤ በገመዱ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ ነው። ሶኬቱም ጂኤፍሲአይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋው ዓይነት መሆን አለበት።

ከዚያ የዓሣን ቆሻሻ የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ መጠበቅ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አሞኒየም ክሎራይድ ጨምረው አሞኒያውን 2 ፒፒኤም (በሚሊዮን 2 እጅ) ያደርሱና የጠርሙስ ባክቴሪያ ይጨምራሉ። መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ የሚያበራው ለአልጌ ብቻ ነው። አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ በደረቅ ድንጋይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ጋሼ ነጭ ፕላስተር መስታወቱ ጎን ላይ ለጥፈው ቀኑንና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ የሚቀጥለውን መስመር የቤቱ ባለቤት ራሱ ለክቶ ይሞላል። 2 ፒፒኤም ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ካልሆነ ዓሣ አይገባም። ልጆች ቢያለቅሱም አይገባም። ሲያልቅ ግማሹን ውሃ ቀይረው ናይትሬቱን ያወርዱታል።

ቡናማ አቧራ አሸዋውን ሲሸፍነው አትደንግጡ፣ ዲያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፣ ሲሊኬቱ ሲያልቅ ይሄዳል። መድኃኒት እንዳትጨምሩ። ናይትሬትና ፎስፌትን ፈጽሞ 0 ለማድረግ መታገልም ጉዳት አለው፤ ኮራሉ ይገረጣል፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ንፍጥ የመሰለ ነገርም ቦታውን ይወርሳል። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ፒፒኤም መልካም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች በእርባታ የተወለዱ ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ናቸው። ልጆች የሚወዱትን ሰማያዊውን ታንግ ጋሼ በዚህ ገንዳ አያስገቡም፤ ሲያድግ ከ100 ጋሎን በላይ ይፈልጋል። ማንዳሪን የሚባለው ዓሣም ይቅር፣ በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚበላው አጥቶ በረሃብ ይሞታል። ለአልጌው ሦስት አራት ትሮከስ ቀንድ አውጣ፤ ተገልብጦ ቢወድቅ ራሱን ያቃናል፣ አስትሪያ የሚባለው ቀንድ አውጣ ግን ብዙ ጊዜ እንደተገለበጠ ይሞታል።

ኮራል ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው፦ ማሽሩም፣ ዞአንቲድ፣ አረንጓዴ ስታር ፖሊፕ። የመጨረሻው ሁሉን ስለሚወር ለብቻው ድንጋይ ይሰጡታል። ዞአንቲድን በተመለከተ ግን ጋሼ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው ነው የሚናገሩት፣ ልክም ናቸው። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ አትቁረጡ። ያለበትን ድንጋይ አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ፤ በእንፋሎቱ ሙሉ ቤተሰብ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

በየቀኑ የሚተነውን ደግሞ ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው የምትተኩት፣ ምክንያቱም ጨዉ አይተንም። ጋሼ በፕላስተሩ ላይ ያሰመሩትን የውሃ ልክ መስመር ተከተሉ። ክረምት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ስለሚደርቅ ይበልጥ ይቀንሳል።

ጋሼን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጠይቁን፣ ቁጥራቸውን ፈቅደውልናል። ብዙ ጊዜ የሚመቻቸው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ሳሙና ነክቷቸው የማያውቁ ሁለት አዲስ ባልዲዎች፣ ጥቂት አሮጌ ፎጣና የገንዳውን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ አዘጋጁ። እጃችሁን ቅባት ከተቀባችሁ ታጥባችሁ ጠብቋቸው።