ቢትዋርደን፦ «አልሞላም» ሲል የሚጠቅም ፕሮግራም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከጅቡቲ ኢሜይል የምትጠብቅ ሴት አስተያየት ነው።

ቢትዋርደን ፓስዎርድ የሚያስቀምጥና መግቢያ ገጽ ላይ ራሱ የሚሞላ ፕሮግራም ነው። በነፃው የፈለጋችሁትን ያህል ፓስዎርድ ታስቀምጣላችሁ፤ በስንትም ስልክና ኮምፒውተር ብትጠቀሙ ገደብ የለውም። ብዙ ሰው የሚጭነው ፓስዎርድ መርሳት ሲሰለቸው ነው። እኔ የወደድኩለት ግን የውሸት ገጽ ላይ አለመሙላቱን ነው።

አጭበርባሪዎቹ የእኛን ሥራ ጠንቅቀው ያውቁታል። «ኮንቴይነርዎ ጅቡቲ ደርሷል፤ ሰነዱን በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ዲመሬጅ መቁጠር ይጀምራል» ይላሉ። ዲመሬጅ፣ ማለትም ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ሲባል የማይደነግጥ ትራንዚተር የለም። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን አፍዝዞ፣ ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ እያለ ሲመጣ ደግሞ ማን አድራሻ ይመረምራል?

በቅርቡ አንዱ ለአለቃችን ደረሳቸው። የተያያዘው ፒዲኤፍ የሚመስለው ነገር ሊንክ ያለው ሥዕል ነው። ሲጫኑት የጉግል መግቢያ ገጽ ተከፈተ። የቢሯችን ኢሜይል ቀድሞ ተሞልቷል፤ የቀረው ፓስዎርዱ ብቻ ነው። ጋሼ ጠበቁ፣ ጠበቁ። «አቦ፣ ይሄ ፕሮግራምሽ ሰነፈ! አልሞላም አለ» አሉኝ። ፓስዎርዱን ከቢትዋርደን ኮፒ አድርገው ራሳቸው ሊያስገቡት ሲሉ «ጋሼ፣ እስቲ ይቆዩ» አልኳቸው። አድራሻውን አየን። መጀመሪያው ላይ ጉግል ይላል። ከነጥብ ኮም በፊት ያለው ግን ጭራሽ የማናውቀው ስም ነው፤ የገጹን ባለቤት የሚናገረው ደግሞ እሱ ነው። ቢትዋርደን የሚያየውም እሱን ነው። አርማው ቢያምር፣ ቀለሙ ቢመሳሰል ደንታ የለውም። ትክክለኛው ገጽ ላይ ብሮውዘሩ ላይ ያለችው የቢትዋርደን ምልክት ለገጹ ስንት መግቢያ እንዳስቀመጥን የሚያሳይ ቁጥር ታወጣለች፤ እዚህ ባዶ ነበረች። ኢሜይሉን ጂሜይል ላይ በሦስቷ ነጥብ ገብተን ፊሺንግ (ፓስዎርድ ለመስረቅ የተላከ ማጭበርበሪያ) ነው ብለን ሪፖርት አደረግን። ለጅቡቲው ወኪላችንም ድሮ በያዝነው ስልክ ደወልን። የደረሰ ኮንቴይነር የለም።

ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ትክክለኛ ገጽ ላይም አንዳንዴ አይሞሉም፣ በተለይ ስልክ ላይ። ስለዚህ ዝም ሲል አድራሻውን እዩ። ቢትዋርደንን ራሱን የሚከፍተውን ዋናውን ፓስዎርድ ከረሳችሁ ድርጅቱም አያወጣላችሁም፤ የእኛ ወረቀት ላይ ተጽፎ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። የዱባይ አቅራቢያችሁ ኢሜይል ተጠልፎ፣ ከራሱ አድራሻ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ከመጣ ግን ቢትዋርደን ምንም አይፈይድላችሁም። ያኔ ብር ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ የሰውየውን ድምፅ ስሙ።

ስታወርዱት ደግሞ ጉግል ላይ ፈልጋችሁ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ እንዳትጫኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አጭበርባሪዎች የቢትዋርደንን የራሱን መግቢያ ገጽ አስመስለው ሠርተው በጉግል ማስታወቂያ ሲያሰራጩ ነበር። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት።