በረዶ በጣለ ማግስት ጣራ እንምታ ብለው የሚመጡትን ተጠንቀቁ

በክረምት በረዶው ወርዶ ግቢው ጥጥ የተነሰነሰበት በመሰለ ማግስት፣ በአዲስ አበባ ነባር መንደሮች መሰላል ተሸክመው የሚዞሩ አሉ። «እማማ፣ ጣራዎ ተበሳስቷል፤ ዛሬውኑ 28 ጌጅ እንምታልዎ» ይላሉ። ከዚያ ከግማሽ በላይ ቀብድ ይጠይቃሉ። ጌጅ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ ነው፤ የሚመቱት ቆርቆሮ ግን ከ28 የሳሳው 32፣ ሲብስም 35 ጌጅ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ነገር፣ ጣራው እውነት ተበስቷል? እዚህ ከተማ የሚጥለው በረዶ ዝገት ያልበላውን ቆርቆሮ ቢያጎደጉደው እንጂ እምብዛም አይበሳውም። ቤት ያፈሰሰው ብዙውን ጊዜ በረዶው አሸንዳ ውስጥ ተከምሮ የመውረጃ ቱቦውን አፍ ስለደፈነ ነው። ተከትሎ የመጣው ዝናብ መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ዞሮ ኮርኒስ ላይ ይፈሳል። ጣራ ለጣራ በተያያዙ የቀበሌ ቤቶች መሐል ያለው አሸንዳ ዋናው ጉድ ነው። ለማረጋገጥ እኩለ ቀን ላይ ኮርኒስ ውስጥ ገብታችሁ መብራት አጥፉና ቀና በሉ። ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ከሌለ፣ እርጥበቱም በግድግዳው ጥግ ብቻ ከሆነ፣ አሸንዳ ማስጠረግ ይበቃል። ቀዳዳው ሚስማር ዙሪያ ብቻ ከሆነም ሚስማር ከነጎማው መቀየር ነው እንጂ ሙሉ ጣራ አያስቀይርም።

መቀየር ግድ ከሆነ ማጭበርበሪያው ጌጁ ላይ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ «32 ከ28 ይበልጣል» የሚባለው ይህን የማያውቅ ሲገኝ ነው። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 32 ወደ 0.25፣ 35 ደግሞ ወደ 0.2 ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ያለው ይለካ፤ ባለቀለሙ ላይ ግን ቀለሙም አብሮ እንደሚለካ አይርሳ። የሌለው ሚዛን ይጠቀም። ክር በቆርቆሮው ሞገድ ላይ ወጣ ገባ እያደረጋችሁ ከዳር እስከ ዳር ዘርጉና እውነተኛውን ስፋት አግኙ፤ በርዝመቱ አባዙት። 0.4 ከሆነ አንዱ ካሬ ሜትር 3.1 ኪሎ ገደማ፣ 0.25 ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 2 ሜትር ርዝመትና በክር 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ 5.6 ኪሎ መምጣት ሲገባው 3.5 ከመጣ ተበልታችኋል። የሰፈሩ ወፍጮ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከእስሩ ላይኛውን ሳይሆን ከመሐል የሳባችሁትን መዝኑ፤ ደህናውን ከላይ መደርደር የቆየ ዘዴ ነው።

ሲመቱም ቆማችሁ እዩ። ሚስማር የሚመታው ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው። የበሰበሰ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት) ሳይቀየር ሚስማሩ አይይዝም፤ የመጀመሪያው ነፋስ ይነቅለዋል። ቀዳዳ በሬንጅ ለቅልቆ መሄድ ጥገና አይባልም፤ ሬንጁ በበጋው ፀሐይ ይሰነጠቃል። ለብርሃን ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣራ) ካስገባችሁ ፀሐይ የሚከላከለው ፊቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ይደርቅና በረዶ ያረግፈዋል።

ደረሰኙ ላይ «አንደኛ ደረጃ» የሚል ወሬ ሳይሆን ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይጻፍ። ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ የሸማች መብት ነው። ቀብዱን ቆርቆሮው ግቢያችሁ ገብቶ ሳይመዘን አትክፈሉ። አሮጌውንም «ቆሻሻውን እናንሳልዎ» ብለው ሲጭኑት ዝም አትበሉ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገዢ አለው፣ ዋጋው ከሥራው ሂሳብ ላይ ይቀነስ።