«ለጀማሪ» የሚባለውን የመኪና መወልወያ ማሽን በእጃችሁ ሳታዞሩ አትግዙ

መኪናችሁን ቤታችሁ ሆናችሁ ራሳችሁ ለመወልወል አስባችሁ «ለጀማሪዎች የተዘጋጀ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው» የሚል ሣጥን ልትገዙ ከሆነ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ገዝቼው የኮፈኔን ቀለም አበላሽቻለሁ።

ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ባለ ሁለት እንቅስቃሴ» ተብሎ ተጽፏል። እውነተኛው ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ማሽን መወልወያውን እያዞረ ጎን ለጎን ደግሞ ያወዛውዘዋል። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም፤ አብዛኞቹ ሲጫኗቸው መዞራቸውን ያቆማሉ። ለጀማሪ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሣጥኑ የወጣው ግን በአንድ ቋሚ እንዝርት ላይ ብቻ የሚሽከረከር፣ ከብረት መቁረጫ ግራይንደር በእጀታው ብቻ የሚለይ ዕቃ ነበር። ዝቅተኛ ፍጥነቱ በደቂቃ 2,500 ዙር ነው። ሙያተኞች እንኳን እንዲህ ያለውን ማሽን ሲይዙ 600 ዙር ገደማ ላይ ነው ሥራ የሚጀምሩት።

የኮፈኑን መሐል ያለ ችግር ጨረስኩ። ላሜራው የታጠፈበት መስመር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የሚቃጠል ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ማሽኑን ሳነሳ ነጩ የሱፍ መወልወያ ሰማያዊ ሆኗል፤ የመኪናዬን ቀለም ይዞት መጥቷል። የመወልወያ ቅባቱን ስጠርገው አውራ ጣት የሚያህል ደብዛዛ ቦታ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ግራጫው የሥር ቀለም ታየኝ። ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

በፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለም ሁሉም ንብብር ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ ከአንድ ወረቀት ብዙም አይወፍርም። የምንወለውለው የላይኛው ግልጽ ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው። በጠርዝና በእጥፋት ላይ ደግሞ ይሳሳል። አንዴ ከተበላ የሚመልሰው ፖሊሽ የለም፤ ክፍሉ እንደገና መቀባት አለበት። አብሮ የመጣው አንዲት ገጽ መመሪያ ጠርዞችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ አይልም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያስተምር «ለጀማሪ» ብሎ መሸጥ ሰውን ማታለል ነው።

የቅባቱ ጠርሙስ ሌላ ጉድ አለበት። «ጭረት ያጠፋል» ይላል፤ የመኪናዬን በር ስወለውልበትም እንደ መስታወት አበራ። ሁለቴ ካጠብኩት በኋላ ጭረቶቹ በሙሉ ተመለሱ። ውስጡ ያለው ዘይትና መሙያ ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋል እንጂ አያነሳውም። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሠርቶ ቢያሳያችሁ፣ የተወለወለውን ቦታ ዘይት በሚያነሳ፣ በውኃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። ጭረቱ ተመልሶ ከታየ አልጠፋም ማለት ነው። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ደግሞ በጥሩ ማሽንም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አይወጣም።

ማሽኑን ለመለየት ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሳለ መወልወያው የሚለጠፍበትን ሳህን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን እየገፋችሁ አዙሩት። የሳህኑ መሐል ራሱ ከማሽኑ መሐል ወጣ ብሎ ክብ እየሠራ ከሄደ ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ነው። ወደ ጎን ስትገፉት መሐሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ እንደ ጎማ ባለበት ብቻ ከዞረ፣ ሣጥኑ ምንም ይበል ምን፣ መልሱት። በተጨማሪ ዝቅተኛ ፍጥነቱን አንብቡ፤ ለስላሳ ስፖንጅ መኖሩንም እዩ። ሱፍና ሻካራ ቅባት ብቻ የያዘ ሣጥን ለጀማሪ አይሆንም።

ገዝታችሁት ከሆነም ሙከራውን ዛሬውኑ አድርጉ፣ ቅባት ሳይነካው። እኔ ስመልሰው ሻጩ መጀመሪያ ያየው የሱፉን ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ «ተጠቅመህበታል» ብሎ አልቀበልም አለኝ።