የቤት አየር መለኪያዬ፦ ክረምትና በጋ አብረን ከከረምን በኋላ

ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣችልኝ ትንሽ ዕቃ ናት። የአምራቹን ስም ልተወው፤ የዚህ ዓይነት ዕቃዎች ውስጣቸው ይመሳሰላል። ፒኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና እርጥበትን ለክታ በዋይፋይ ወደ ስልኬ ትልካለች። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ነው።

መጀመሪያ ያጋለጠችን በቡናው ነው። ቡና ሲቆላ ብናኙ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 300 ማይክሮግራም ያልፋል፤ እጣን ሲጨመርማ ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 እንዳይበልጥ ይላል። እናቴ መብራቷ ሲቀላ አይታ «ምነው ልጄ፣ ቡናዬን ጠላችው እንዴ?» አለችኝ። ቡናውንማ አልተውንም። ግን የሳሎኑንና የኩሽናውን መስኮት አንድ ላይ ስንከፍት ጭሱ በሩብ ሰዓት ይወጣል። አንዱን ብቻ ከከፈትን ከሰዓት በላይ እዚያው ነው። ገንዘቤ እንዳልባከነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን መኝታ ቤቱ ነው። በር ተዘግቶ ሦስት ሰው ሲያድርበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሊነጋ ሲል 2,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 2,000ው) ያልፋል። ውጭ ያለው 430 ገደማ ነው። አሁን በሩን ገርበብ አድርገን ነው የምንተኛው፤ ቁጥሩ በግማሽ ወረደ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አፑ ላይ ከፍታውን ሳትሞሉ ይህን ቁጥር አትመኑት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሴንሰሩ አሳንሶ ያነባል። የእኔዋ በረንዳ ላይ 330 ስትል ነው የነቃሁት፤ ዛሬ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የውጭ አየር የለም። 2,400 ሜትር ብዬ ስሞላላት ተስተካከለች።

መስኮት መክፈትም ሁሌ አያዋጣም። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል፣ በከፈትን ቁጥር የብናኙ መጠን ሽቅብ ነበር። ቀድሞ የአሜሪካ ኤምባሲ የሚለካውን እያየሁ አወዳድር ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ ለሕዝብ መለቀቁ ቀረ።

እንከኖቿስ? መብራት ሲጠፋ ግራፉ ይቆረጣል፤ ፓወር ባንክ ላይ ሰክቻት ተገላገልኩ። ብናኙን የምትቆጥረው በሌዘር ስለሆነ የምጣድ እንፋሎትንም ጭስ ነው ትላለች። ስለዚህ ከኩሽና አራቅኳት።

ዋናው ጉድለቷ ሌላ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን አትለካም። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው ቤት ይህ ጋዝ ይገድላል፤ እሷ ግን በፍም ከሰል ጭስ ስለሌለ አረንጓዴ ልታበራ ትችላለች። ለሱ ለብቻው የተሠራ አላርም አለ። ቤታችሁ ከሰል የሚገባ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ግዙ፤ ይቺ ትቆይ።